ደጋፊው ዝም ሲል

ጨዋታው ሊያልቅ 10.5 ሰከንድ ቀርቶታል። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 1995፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ፍጻሜ የመጀመሪያው ግጥሚያ ነው። ኦርላንዶ ማጂክ በገዛ ሜዳው ሂውስተን ሮኬትስን 110 ለ 107 እየመራ ኒክ አንደርሰን ሁለት የቅጣት ውርወራ አገኘ። አንዷ ብትገባ ነገሩ ያለቀ ያህል ነበር። ሁለቱንም ሳተ። ኳሷን ራሱ ተሻምቶ መልሶ ያዘ፤ ፋውል ተሠራበትና ሁለት ተጨመረለት። እነሱንም ሳተ። ኬኒ ስሚዝ በሦስት ነጥብ ሂውስተንን አቻ አደረገ፤ በጭማሪ ሰዓት ኦርላንዶ 120 ለ 118 ተረታ፤ በመጨረሻም 4 ለ 0 ተጠርጎ ወጣ።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ሙቀቱ በረድ ሲል ቅርጫት ኳስ ለሚጫወቱ ልጆች ይህን ስነግራቸው መልሳቸው ፈጣን ነው፤ «አቦ፣ ልብ የለውማ!» ከመሃላቸው አንዱ በልምምድ ላይ ሳያይ የሚያስገባ የሚመስል ልጅ ነው። ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ግን ኳሷን ያነጥራል፣ ይቆማል፣ ክርኑን ያያል፣ እንደገና ያነጥራል፤ ከዚያ የወረወራት ቀለበቱን እንኳ አትነካም። እሱንም ፈሪ ይሉታል። ይኸው «ፈሪ» በዚያው ጨዋታ ከእሱ በአንድ ራስ ከሚበልጡት መሃል ዘሎ ሪባውንድ ይነጥቃል። እጁን የሚይዘው ፍርሃት እግሩን ለምን ይተወዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1984 የነገሩን ጫፍ ያዘ። በቪዲዮ ጌም ቤት የሚጫወቱ ሰዎች ጥሩ ውጤት እንዲያመጡ ግፊት ሲደረግባቸው ነጥባቸው ወረደ። እጅ የለመደውን ሥራ ራሱ ይሠራዋል፤ ነገሩ ሲከብድ ግን ሰውየው በገዛ እጁ ላይ ተቆጣጣሪ ይሆንና ያሰናክለዋል። በዚያው ዓመት ከባልደረባው ጋር የኤንቢኤን የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ውጤቶች ቆጠረ። ባለሜዳዎች የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች 70 በመቶ ገደማ ሲያሸንፉ፣ የመጨረሻውን ያሸነፉት ግን ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነበር። ይሁንና እነሱ በቤዝቦልም ያዩትን ተመሳሳይ ልዩነት ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ተጨማሪ ዓመታትን አክለው ሲቆጥሩት ጠፋ። ማሸነፍና መሸነፍን ብቻ መቁጠር ብዙ ነገር ያደበላልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ማት ጎልድማንና ጀስቲን ራኦ ጨዋታውን በታትነው አዩት። ግጥሚያው አንገት ለአንገት ተያይዞ መጨረሻው ሲቃረብ ባለሜዳው የቅጣት ውርወራ ላይ ይደክማል፤ የሳቱትን ኳስ መልሶ በመንጠቅ ግን ይበረታል። እንግዳው ተጫዋች ደግሞ ያ ሁሉ ፉጨትና ጩኸት እየወረደበት ውርወራው አይለወጥም። የሳቢያኑ ልጅ እንቆቅልሽ እዚህ ጋ ተፈታ፦ ጫና ለጉልበት ሥራ ነዳጅ ነው፣ ለብቻ ቆሞ ለሚሠራ የጥንቃቄ ሥራ ግን እንቅፋት። ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን ወደ ደጋፊው ቀሰሩ። በባላንጣው ላይ ይጮሃል፤ የራሱ ልጅ ሊወረውር ሲቆም ግን ትንፋሹን ውጦ ዝም ይላል። ዝምታው ለልጁ ራሱን የሚያይበት ጊዜ ይሰጠዋል።

የኛንም አንድ ጨዋታ በዚህ ዓይን አየሁት። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያን ገጠመች። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ከዚያ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ ጎልም ገባብን። በአስር ሰው ሲሮጡ የነበሩት ልጆች ግን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 አደረጉ። አንድ ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም፣ ምዌኔም ጎበዝ በረኛ ነበር፤ ግን ነገሩ ይገጥማል።

መድኃኒቱን ከኔዘርላንድስ አገኘሁ። ራውል አውደያንስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአምስት ሳምንት እየተጨነቁ የቅጣት ውርወራ የተለማመዱ ተጫዋቾች ጫና ሲመጣ አልወረዱም፤ ዘና ብለው የተለማመዱት ወረዱ። ሳቢያን ላይ እንዲህ ሞከርነው፦ ልምምዱ አልቆ ሁሉም ሲያለከልክ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ዙሪያውን ቆሞ ዝም ይላል። ከሳተ ሁሉም ይሮጣል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተሮጠ።

የከበደኝ ደጋፊውን ማሳመን ነው። አንድ አዛውንት አሉ፣ ጨዋታ አያመልጣቸውም። «አባባ፣ ልጁ ሊወረውር ሲል እባክዎ ዝም አይበሉ» አልኳቸው።

«እንዴ! የገዛ ልጃችንን ረብሽ ነው የምትለኝ?»