ሁሉም የአንጎል ዕጢ ካንሰር አይደለም

«አንጎልዎ ላይ ዕጢ ታይቷል» የተባለ ሰው፣ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን እምብዛም አይሰማም። ዕጢው ሜኒንጂዮማ ከሆነ ግን መሰማት ያለበት የሚቀጥለው ነው።

ሜኒንጂዮማ የሚነሳው ከአንጎል ከራሱ ሳይሆን አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። ማጅራት ገትርም የሚያጠቃው ይህንኑ ሽፋን ነው፤ በሽታዎቹ ግን አይገናኙም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣለት አሜሪካዊው ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነው። ሴቶች ላይ ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ከአምስቱ አራቱ ያህል ካንሰር ያልሆኑና አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያድጉ ናቸው።

ችግሩ ቦታው ላይ ነው። የራስ ቅል ስለማይለጠጥ ዕጢው ባደገ ቁጥር አጠገቡ ያለውን ይጫናል። ግንባር በኩል ሲሆን ሰውየው ዝምተኛና ግድ የለሽ ይሆናል፣ ሽታም ሊጠፋበት ይችላል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ጠባዩ ተለወጠ» ብሎ ያልፈዋል። የዓይን ነርቭ አጠገብ ሲሆን መነጽር ቢቀያየርም እይታ መደብዘዙን ይቀጥላል። ከጉልምስና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል ሕመም ያጋጠመው ሰው፣ ጠበል እየተጠመቀም ቢሆን የጭንቅላት ምርመራውን ሊያስቀር አይገባም። የነርቭ ጉዳት ከቆየ ዕጢው ቢወጣም የጠፋው እይታ ላይመለስ ይችላልና።

ሕክምናው ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ለሌላ ጉዳይ በተነሳ ምስል በአጋጣሚ የተገኘ፣ ትንሽና ምልክት የሌለው ዕጢ በየጊዜው በኤምአርአይ እየታየ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለታካሚ ማስረዳት ይከብዳል፤ ብዙዎች ችላ የተባሉ ይመስላቸዋል። እያደገ የመጣ ወይም ምልክት ያሳየ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዋና የደም ሥር ወይም ነርቭ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ሐኪሙ ሆን ብሎ ጥቂት ሊተው ይችላል፤ ለዚህና ለአደገኛው ዓይነት የጨረር ሕክምና ይታከላል። በእንክብል የሚጠፋ አይደለም፤ መድኃኒት የሚሰጠው እብጠቱንና የሚጥለውን ሕመም ለመቆጣጠር ነው።

በአገራችን ብዙ እናቶች የሚወስዱት የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌም ሊነሳ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ መርፌውን ከዓመት በላይ የወሰዱ ሴቶች ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ሜኒንጂዮማ የመያዝ ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በሽታው ራሱ ብዙም የማያጋጥም በመሆኑ፣ በአምስት ሲባዛም የሚያዙት ጥቂት ናቸው። ያልታሰበ እርግዝናም የራሱ አደጋ አለው። ስለዚህ መርፌውን በድንገት አያቋርጡ፤ ለዓመታት ከወሰዱት ግን ስለ ሌሎች አማራጮች የጤና ባለሙያዎን ያነጋግሩ። ሜኒንጂዮማ እንዳለብዎት የተነገረዎት ከሆነ ደግሞ መርፌውን እንደሚወስዱ ለሐኪምዎ ሳይናገሩ ቀጣዩን አይወጉ።

ዕጢው ከወጣ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው። በቀጠሮዎ ቀን የቀድሞውን የኤምአርአይ ፊልም ይዘው ይሂዱ፤ ዕጢው ማደግ አለማደጉ የሚታወቀው ሁለቱን ጎን ለጎን በማየት ነው።