የነርስ ዲግሪና የእናትነት ተራ

በመካነ ሰላም በዲፕሎማ ነርስነት ስሠራ ቆይቼ ለዲግሪ ወደ ደሴ ስሄድ፣ ብዙዎች የጠየቁኝ ስለ ክፍያው ነበር፡፡ እኔን የፈተነኝ ግን ሌላ ነው፡፡

የነርስነት ትምህርት በንባብ ብቻ አያልቅም፡፡ በማዋለጃ፣ በሕፃናትና በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ተመድቦ መለማመድ ግድ ነው፡፡ ያመለጠ የክፍል ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ይገለበጣል፤ ያመለጠ የሌሊት ተረኝነት ግን አይገለበጥም፡፡

አንድ ሌሊት ሕፃናት ክፍል ተረኛ ሳለሁ ባለቤቴ ደወለ፡፡ የሦስት ዓመቱ ልጃችን ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፡፡ በዚህ ዕድሜ የሚያስለው ልጅ ትንፋሽ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ምልክት ነው፡፡ በስልክ አስቆጠርኩት፤ 52 ሆነ፡፡ ወዲያው ሆስፒታል ወሰደው፤ ልጁም ዳነ፡፡ እኔ እስኪነጋ የሰው ልጆች ትንፋሽ እቆጥር ነበር፡፡

ከዚያ ወዲህ የልምምድ ፕሮግራሜ እንደወጣ ለቤቴ እልካለሁ፡፡ እናቴ የምትመጣባቸውን ሳምንታት አስቀድመን እንነጋገራለን፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ የጥናቱም ጊዜ በዚያው ይታሰባል፡፡

ለመማር ያሰባችሁ እናቶች፣ ከክፍያው በፊት የተረኝነቱን ፕሮግራም ጠይቁ፡፡ ከዚያም በእነዚያ ሌሊቶች ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ፡፡