መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ድርሻውን ይወቅ

ከስማዳ ቆላ ወይም ከጋይንት ደጋ ተነሥቶ፣ በእግሩ ተጉዞ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሕመምተኛ፣ የታዘዘለትን ወረቀት በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲያቀብል «እንግዲህ ዳንሁ» ይላል። ነገር ግን ያልታዘዘለትን ይዞ ቢመለስ ማን ይደርስበታል? ስሕተቱ ሲታወቅ እርሱ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሄዷል። ስለዚህ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ወይም በወገዳ፣ ያ መስኮት የመጨረሻው ኬላ ነው።

ስሕተት ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። ሜትፎርሚን ለስኳር በሽታ፣ ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዙ ናቸው። የስማቸው አጀማመር አንድ ነውና፣ ጽሕፈቱ የማይነበብ እንደሆነ አንዱ በሌላው ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ የስኳር ሕመምተኛው መድኃኒት እየዋጠ ሳይታከም ይሰነብታል።

ይህን የሚከላከለው እያንዳንዱ ሠራተኛ ድርሻውን ለይቶ ማወቁ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው አሠራር ይህንኑ ያሳያል፤ ይኸውም አንዱ ማዘዣውን ይመረምራል፣ ሌላው ዋጋውን ያሰላል፣ ሦስተኛው ገንዘብ ይቀበላል፣ አራተኛው መድኃኒቱን ከምክር ጋር ያስረክባል።

መርማሪው ያልተነበበለትን ማዘዣ ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ በግምት አይሞላም። ገንዘብ ተቀባዩ «ይህ ከሌለ ያንን ውሰዱ» አይልም፤ ሥራው አይደለምና። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ከፊት ያስቀምጣል፤ ያለፈበትን ለይቶ ይቈልፍበታል። ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የሚቀመጡ ናቸውና፣ መብራት ሲጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን። የጽዳት ሠራተኛዋም ብትሆን የተሰበረ ጠርሙስ በባዶ እጅ እንደማይነሣ ልትማር ይገባታል።

አስረካቢው ደግሞ ስም ጠርቶ ያረጋግጥና ይመክራል። በዱቄት የሚመጣው የልጆች አሞክሲሲሊን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ እስከ ምልክቱ ብቻ ይበጠበጣል፤ ውሃው ከበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው ከጠላና ከአረቄ እንዲታቀብ ይነገረዋል። ከዚያም «እናቴ፣ እንዴት እንደሚሰጡት እስቲ አንቱ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። በትክክል ከመለሱ ተረድተዋል፤ ራሳቸውን ብቻ ከነቀነቁ ግን ገና ነው።

አዲስ ሠራተኛ ይህን ሁሉ በአንድ ጧት ወሬ አይማረውም። ሥርዓቱ ተጽፎ ይሰጠው፤ ሲሠራ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ይቁም። «ተሳሳትሁ» ብሎ ፈጥኖ የተናገረውንም አለቃው አያዋርደው፤ ያፈረ ሠራተኛ ነገ ይደብቃልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. በመድኃኒት ስሕተት የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ዘመቻ የጀመረው ነገሩ የአንድ አገር ችግር ብቻ ስላልሆነ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ የእርስዎም ድርሻ አለ። መስኮቱን ከመልቀቅዎ በፊት፦ ይህ ለምን ነው? በቀን ስንት ጊዜ ነው? እስከ መቼ ነው? ብለው ይጠይቁ። ከኋላዎ ፊደል ያልቈጠሩ አዛውንት ቆመው እንደሆነም፣ ለእርሳቸው ደግመው ይጠይቁላቸው።