የመዋኛ ገንዳን ውኃ ስለ መቀነስ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ገንዳ ያለው ቤት ሲይዙ፥ ከብርቱ ዝናም በኋላ የሞላውን ውኃ እንዴት እንደሚቀንሱ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ውኃው በገንዳው ጎን ካለው የቆሻሻ መሳቢያ አፍ እኩሌታ ሲደርስ ይበቃል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ስቦ ይበላሻል።

ከሁሉ የሚከፋው ገንዳውን ጨርሶ ማድረቅ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ገንዳውን ተጭኖ የሚያኖረውም ይህ ክብደት ነው። ዝናም የጠገበ መሬት ከሥሩ ሲገፋው፥ በሲሚንቶ የተሠራ እንኳ ቢሆን፥ ባዶው ገንዳ እንደ ጀልባ ሽቅብ ይነሣል፤ ይሰነጠቃልም። ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ፓምፕ ከሌለ የአትክልት ማጠጫ ጎማን ውኃ ሞልቶ፥ አንዱን ጫፍ በገንዳው ውስጥ፥ ሌላውን ከገንዳው ውኃ ዝቅ ባለ ስፍራ ማድረግ ነው። ክሎሪን ያለበት ውኃ ዓሣ ስለሚገድል ወደ ወንዝ አይለቀቅ።

ፓምፑ ሲስብ ሕፃን በውኃው ውስጥ አይገኝ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የምትባል የ7 ዓመት ልጅ የሙቅ ውኃ ገንዳ መውረጃ ስቦ ይዟት ሞታለች። በ2007 ዓ.ም. በስሟ የወጣው ሕግ የሕዝብ መዋኛዎች መውረጃ ሰውነትን ስቦ በማይዝ ክዳን እንዲሸፈን ያዝዛል፤ የቤቱን ገንዳ ክዳን ግን ባለቤቱ ራሱ ሊመረምረው ይገባል።