ተጨማሪ መረጃ፦ ኃይሌ ገሪማና ያልተቆራረጠው ምስል

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የኢትዮጵያን ፊልም ለዓለም ካስተዋወቁ ቀደምት ዳይሬክተሮች አንዱ ናቸው። በ1946 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በ1967 ትወና ለመማር ወደ ቺካጎ ሄዱ። በኋላም ፊልም ሥራን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተማሩ። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል።

በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው የዘውዱ ሥርዓት በሚወድቅበት ሰሞን ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን የአንድን ጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ያሳያል። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ካሜራው አይቸኩልም፤ ተመልካቹ የሥራውን ድካም ከነጊዜው ያያል። እንዲህ ያለው ሳይቆረጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀጥል ቀረጻ «ሎንግ ቴይክ» ይባላል።

ስለ ባርነት የሚተርከውን ፊልማቸውን «ሳንኮፋ»ን (1993) የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉ፣ ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። «ጤዛ» የተሰኘው ፊልማቸው ደግሞ በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት አገኘ።

ሞክሩት፦ አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄዳችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ጀበና ሲሠራ ለሁለት ደቂቃ ሳታቋርጡ በስልክ ቅረጹ። ከዚያም ያንኑ ቀረጻ በአጫጭር ምስሎች ቆራርጡትና ሁለቱን አወዳድሩ። የእጅ ሥራው ሂደት በይበልጥ የሚታየው በየትኛው ነው?