ወዳጅና ጠላት በአንድ አፈር፦ ከዕፅዋት ሥር ጋር የሚኖሩ ፈንገሶችና አመዳደባቸው

መግቢያ

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ አዘውትሮ የሚያየው ዛፍ ግራር ነው። ዝናቡ አጭር፣ አፈሩም ከእሳተ ገሞራ አመድና ከጥንት ሐይቆች ደለል የተገኘ በሆነበት በዚህ የስምጥ ሸለቆ ምድር ግራር ድርቁን ተቋቁሞ የሚኖረው በራሱ ሥር ብርታት ብቻ አይደለም። ከሥሩ ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ፈንገሶች ማዕድንና ውኃ ያቀብሉታል። በዚያው አፈር ውስጥ ደግሞ በእሾህ ውጋት በኩል ወደ ሰው እግር ገብተው ለዓመታት የሚያሰቃዩና እግርን እስከማስቆረጥ የሚያደርሱ ሌሎች ፈንገሶች አሉ። ሁለቱም የሚጠሩት «ፈንገስ» በሚል አንድ ስም ነው።

ፈንገሶችን ለይቶ መመደብ ብዙ ጊዜ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ አንድ ታካሚ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያገኝ፣ አንዳንድ ጊዜም እግሩን ይዞ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ይኸው አመዳደብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከዕፅዋት ሥር ጋር የሚኖሩትን ፈንገሶች ማንነት፣ ጥቅምና አመዳደብ በአጭሩ ማስረዳትና ጉዳዩ ለጤና ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው።

ፈንገስ ምንድን ነው?

ፈንገስ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው በቆየ እንጀራ ላይ የሚታየው ሻጋታ፣ ወይም በቆዳ ላይ የሚወጡት ጭርትና ቋቁቻ ናቸው። ነገር ግን ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፣ በክረምት ከመሬት የሚበቅለው እንጉዳይና በአርሲና በባሌ ማሳዎች ስንዴን የሚያጠቃው ዋግም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው ሥራው ፈንገሶችን ከዕፅዋት ጋር መድቧቸው ነበር። ይህ አመዳደብ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ሮበርት ዊቴከር ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በአምስት ስፍኖች፣ ማለትም በአምስት ታላላቅ ግዛቶች ከፍሎ ለፈንገሶች የራሳቸውን ስፍን ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የፕሮቲኖች ንጽጽር ጥናት ደግሞ ፈንገሶች ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት የቀረቡ ዘመዶች መሆናቸውን አሳየ።

ይህ ዝምድና ለሐኪም ቀላል ነገር አይደለም። የባክቴሪያ ሕዋስ ከሰው ሕዋስ እጅግ ስለሚለይ የሰውን ሕዋስ ሳይነኩ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ብዙ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። የፈንገስ ሕዋስ ግን ከሰው ሕዋስ ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር ስላለው መድኃኒት ሊያነጣጥርባቸው የሚችሉት ልዩነቶች ጥቂት ናቸው። ከነዚህም ዋነኛው፣ የሰው ሕዋስ ሽፋን ኮሌስቴሮል ሲኖረው የፈንገስ ሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት ያለው መሆኑ ነው። አምፎቴሪሲንም ሆነ እንደ ፍሉኮናዞልና ኢትራኮናዞል ያሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርተው ነው።

እስካሁን ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት የፈንገስ ዝርያዎች ከ150 ሺህ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ግን የዝርያዎቹን ጠቅላላ ብዛት ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ስም ካልወጣላቸው መካከል እጅግ ብዙዎቹ በሐሩር ክልል አገሮች እንደሚገኙ ይታመናል።

ከሥር ጋር የተደረገ ስምምነት

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 የዛፍ ሥርንና ፈንገስን ጥምረት ሲገልጽ «ማይኮራይዛ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው።

ዋናዎቹ የማይኮራይዛ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ፈንገሱ የሥሩን ጫፍ እንደ እጅ ጓንት ከውጭ ይሸፍነዋል እንጂ ወደ ሥሩ ሕዋሳት ውስጥ አይገባም። ጥድ መሰል የውጭ አገር ዛፎችና ባሕር ዛፍ ከዚህ ዓይነት ፈንገሶች ጋር ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም በዝናብ ወቅት በዛፉ ግርጌ እንጉዳይ ያወጣሉ። በሁለተኛው ዓይነት ግን ፈንገሱ ወደ ሥሩ ሕዋስ ገብቶ እንደ ትንሽ ዛፍ ይቀረናነፋል። ይህ ቅርንጫፍ መሰል አካል አርባስኩል ይባላል፤ ዓይነቱም በዚሁ ስም ይጠራል። ግራርን ጨምሮ አብዛኞቹ የሐሩር ክልል ዛፎች፣ እንዲሁም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ቡና የሚኖሩት ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ነው።

አርባስኩል የልውውጥ ገበያ ነው ማለት ይቻላል። ዛፉ በቅጠሉ ከሠራው ምግብ ስኳርና ቅባት ለፈንገሱ ይሰጣል፤ ፈንገሱም ከአፈር የሰበሰበውን ፎስፈረስ፣ ዚንክና ሌሎች ማዕድናት ለዛፉ ያስረክባል። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ሥሩ በአቅራቢያው ያለውን ፈጥኖ ይጨርሳል። የፈንገሱ ክሮች ግን ከሥር ጸጉር እጅግ የቀጠኑ ስለሆኑ ሥሩ ሊደርስበት ወደማይችለው ቀዳዳ ገብተው ያመጡለታል።

ይህ ልውውጥ ለሰው ጤናም ይደርሳል። የዚንክ እጥረት የሕፃናትን እድገት ያቀጭጫል፤ ተቅማጥንም ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ የእህል የዚንክ ይዘት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይና ለዚህም የአፈሩ ጠባይ አንዱ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ከአፈር ወደ እህል ዚንክን ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የሥር ፈንገስ ስለሆነ፣ የአፈር ጤና የማዕድ ጤና መነሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አመዳደባቸው እንዴት ተለወጠ?

የአርባስኩል ፈንገሶችን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። እንጉዳይ አያወጡም፤ ከሕያው ሥር ተለይተው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ብቻቸውን አይበቅሉም። በመሆኑም ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የተመሠረቱት በመራቢያ ዘራቸው ላይ ነበር። አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ በረቂቅ ወንፊቶች ይጣራል፤ ከዚያም ዘሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ በቀለማቸው፣ በመጠናቸውና በግድግዳቸው ድርብርብነት ይለያሉ። ግሎመስ፣ አካውሎስፖራና ጂጋስፖራ የተባሉት ወገኖች የታወቁት በዚህ መንገድ ነው።

የዘረመል ምርመራ ከመጣ በኋላ ግን ሥዕሉ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2001 እነዚህ ፈንገሶች ግሎመሮማይኮታ በሚል ራሱን የቻለ ክፍለ ስፍን ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙኮሮማይኮታ በሚባል ሰፋ ያለ ክፍለ ስፍን ውስጥ አስገቧቸው። በዚህ አመዳደብ መሠረት የግራር ሥር ወዳጆች የሙኮር ሻጋታዎች ጎረቤት ይሆናሉ ማለት ነው። ሙኮርና ዘመዶቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕንድ የኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በተለይ የስኳር ሕመም ባለባቸውና ስቴሮይድ በወሰዱ ታካሚዎች ላይ፣ አፍንጫን፣ ዓይንንና አንጎልን ያጠቁት ናቸው። በአንጻሩ ሰውን የሚያሳምም የአርባስኩል ፈንገስ እስካሁን አልታወቀም። ጎረቤታሞች መሆናቸው ጠባያቸውን አንድ አያደርገውም።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች

አንደርስ ሚኬልሰን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት፣ በችግኝ ጣቢያ አፈር ላይ የአርባስኩል ፈንገስ ወይም የአገር በቀል ዕፅዋት ሥር ሲጨመር የኢትዮጵያ ግራር ችግኞች እድገት እንደሚሻሻል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው በደረቃማ ደጋ ደኖች የሚገኙ አገር በቀል ዛፎችን መርምረው ሥሮቻቸው የአርባስኩል ፈንገስ ተሸካሚ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ዲሪባ ሙለታና ባልደረቦቻቸውም በቦንጋ የተፈጥሮ ቡና ደን እነዚህን ፈንገሶች አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትመዋል።

ከነዚህ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት ለስምጥ ሸለቆም ይሠራል። የአርባስኩል ፈንገስ ያለ ሕያው ሥር ስለማይኖር፣ ግራሩ ለከሰል ተቆርጦ የላይኛው አፈር በነፋስና በጎርፍ ሲጠረግ የሚጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ችግኝ የሚመግበው ማኅበርም አብሮ ይመናመናል። በተራቆተ መሬት ላይ የተተከለ ችግኝ ቢደርቅ ምክንያቱ ሁልጊዜ የውኃ እጥረት ብቻ ላይሆን ይችላል።

በዚያው አፈር ያሉ ጠላቶች

በግራር አገር በባዶ እግሩ የሚሄድን እረኛ ወይም ገበሬ እሾህ መውጋቱ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አልፎ አልፎ ግን ከእሾሁ ጋር ማዱሬላን የመሰለ የአፈር ፈንገስ ወደ ሥጋ ይገባል። በሱዳን የዚህ ፈንገስ ዘረመል በአፈርና በእሾህ ላይ ተገኝቷል፤ በምዕራብ አፍሪካም የዚሁ በሽታ መንስኤ የሆኑ ሌሎች ፈንገሶች በደረቅ የግራር እሾህ ላይ መኖራቸው ታውቋል። የሚከተለው በሽታ ማይሴቶማ ይባላል። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቀዳዳዎች ይፈጠሩበትና ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ ያወጣሉ። በመጀመሪያ ላይ ሕመም ስለሌለው ታካሚው ወደ ሕክምና የሚመጣው አጥንቱ ከተነካ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ማይሴቶማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በሽታው በሚገኝበት ቀበቶ ውስጥ ካሉት አገሮች አንዷ ናት።

የማይሴቶማ ዋናው ችግር ሁለት መልክ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ በፈንገስ፣ ሌላው ክር መሰል በሆኑ ባክቴሪያዎች ይመጣል። ሁለቱም እግርን በተመሳሳይ ሁኔታ ያሳብጣሉ። በባክቴሪያ የመጣው ኮትሪሞክሳዞልና አሚካሲንን በመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በአብዛኛው ይድናል። በፈንገስ የመጣው ግን ለእነዚህ ፈጽሞ አይበገርም፤ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የሚወሰድ ፀረ ፈንገስ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። የሚወጣው ቅንጣት ጥቁር ከሆነ ፈንገስን፣ ቀይ ከሆነ በአብዛኛው ባክቴሪያን ያመለክታል፤ ነጭና ቢጫ ግን ከሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ያለ ቤተ ሙከራ መወሰን አይቻልም።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችም ተመሳሳይ ዕጣ አለባቸው። ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ጋሪው በላጠው ቁስል በኩል ገብቶ በቆዳቸው ላይ የተደረደሩ እባጮችና ቁስሎች ያወጣል። ጎበና አመኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከታዩት 19,082 የጋሪ ፈረሶች ውስጥ 18.8 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ይህም በሽታ በመልኩ፣ ወደ ሰው ተላልፎ ሊገድል ከሚችል ሌላ የባክቴሪያ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። እዚህም ቢሆን ለእንስሳውም ለባለቤቱም ወሳኙ ነገር የመንስኤው ማንነት ነው።

ስም ሲሳሳት

በአመዳደብ ስሕተት የሚመጣው መዘዝ በሌላ ምሳሌም ይታያል። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ኒዩሞሲስቲስ ለብዙ ዓመታት የሚቆጠረው ከፕሮቶዞዋ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የዘረመል ጥናት ፈንገስ መሆኑን አሳየ። ይሁን እንጂ በሕዋስ ሽፋኑ ኤርጎስቴሮል ስለሌለው የተለመዱት ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች አያጠቁትም፤ የሚታከመው በኮትሪሞክሳዞል ነው። በተቃራኒው በመቂና በባቱ የመስኖ እርሻዎች የቲማቲምን ቅጠል አጥቁሮ የሚያደርቀው ፋይቶፍቶራ መልኩ ፈንገስ ቢመስልም ፈንገስ አይደለም፤ ስለዚህም ኤርጎስቴሮልን ዒላማ ያደረገ ርጭት አይበግረውም። መልክ ያሳስታል፤ ስም ብቻውንም አይበቃም፤ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን አፈጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

ምን ማድረግ ይገባል?

በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ቀስ በቀስ ያበጠና ፈሳሽ የሚያወጣ እግር ያለው ታካሚ ሲመጣ ስለ ሥራውና ስለ እሾህ ውጋት መጠየቅ፣ የሚወጣውን ቅንጣት በጥንቃቄ ማየት፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም ናሙና ለምርመራ መላክ ወይም ታካሚውን ወደ ሆስፒታል መምራት ይገባል። እግርን የሚያሳብጥ ሁሉ ዝሆኔ አይደለም። በግምት የተሰጠ መድኃኒት ታካሚውን ገንዘቡን ያሳጣዋል፤ ከገንዘቡም የሚከፋው የሚያባክነው ጊዜ ነው።

ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። ጫማ ማድረግ፣ የእሾህ ቁስልን ወዲያው በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ባያምም እንኳ የማይጠፋ እባጭን ሳይቆዩ ማሳየት ብዙ እግሮችን ያድናል። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችም ከነባር ዛፍ ግርጌ የተወሰደ ጥቂት አፈር ከችግኝ አፈራቸው ጋር ቢቀላቅሉ ዛፉ የለመዳቸውን ወዳጆች ይዞ ያድጋል፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ጓንትና ጫማ አይለያቸው።

ማጠቃለያ

የስምጥ ሸለቆው አፈር ግራርን የሚያኖሩና ሰውን የሚያሰነክሉ ፈንገሶችን በአንድነት ይዟል። አፈሩን በጅምላ መፍራትም ሆነ ፈንገስን ሁሉ በጅምላ መግደል መፍትሔ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጣቸውን በሽታ አምጪ ፈንገሶች ዝርዝር ሲያወጣ የማይሴቶማ ፈንገሶችን፣ የሙኮር ዘመዶችንና ሂስቶፕላዝማን በከፍተኛ ደረጃ አስቀምጧቸዋል። ሦስቱም በአፈር ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ዝርዝሩ በተግባር የሚጠቅመው ግን በየደረጃው ባሉ የጤና ተቋማት ፈንገስን ከባክቴሪያ፣ አንዱንም ፈንገስ ከሌላው ለይቶ የሚያውቅ ዓይን፣ ማይክሮስኮፕና ቤተ ሙከራ ሲኖር ነው። እስከዚያው ድረስ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ማን ነው?» የሚለው ነው።