የሰንጠረዥ ጨዋታ ደንብና ሥነ ሥርዓት

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች፣ በተለይም በነገሥታትና በመኳንንት ቤት፣ ለብዙ ዘመን ሲዘወተር የቆየ የገበታ ጨዋታ ነው። ከዛሬው ቼዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ሲሆን ስሙም ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ጋር ይዛመዳል። ደንቡ በቃልና በልማድ ይተላለፍ ስለነበር፣ በገበታው ዙሪያ ክርክር ሲነሣ መፍትሔው የሚገኘው ከተጫዋቾቹ ጨዋነትና ከተመልካቾቹ ምስክርነት ነበር።

== ታሪክ ==

ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ቢያንስ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሄንሪ ሳልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን አይቶ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ ከየጁ ሥርወ መንግሥት ራስ ዓሊ ዘንድ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ አጨዋወቱ ሰፋ ያለ መግለጫ ትቷል። የፕላውደን መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እነዚህንና ሌሎች ምንጮችን አሰባስቦ የጨዋታውን ታሪክና ደንብ አጥንቷል።

== ገበታውና ጠጠሮቹ ==

ገበታው 8 በ8 የሆነ 64 ቤት አለው። ቤቶቹ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ ጥብጣብ በመስፋት ይለያሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር ሲኖረው እነርሱም፦

* ንጉሥ (1)፦ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል።
* ፈርዝ (1)፦ ከንጉሡ አጠገብ ይቆማል፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። በዛሬው ቼዝ የንግሥቲቱ ቦታ የእርሱ ነበር፤ ኃይሉ ግን አነስተኛ ነው።
* ፊል (2)፦ ስሙ በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል።
* ፈረስ (2)፦ እንደ ዛሬው ቼዝ ፈረስ ይዘላል።
* ደር (2)፦ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ከሁሉም ኃይለኛው እርሱ ነው።
* መደቅ (8)፦ እግረኛው ወታደር ነው፤ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት ይራመዳል።

== ወረራ ==

ሰንጠረዥን ከሌሎች የቼዝ ዓይነቶች ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ ጠጠሮቻቸውን እንደ ልባቸው ያሰልፋሉ። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያንቀሳቅስ ቅሬታ አይነሣም። የተጋጣሚውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን እርምጃ መመለስና በሌላ መተካትም ይፈቀዳል። ይህ የጨዋታው ክፍል ወረራ ይባላል።

ወረራው የሚያበቃው አንደኛው ወገን የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ይጫወታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መብል ጠጠር ከመቀነስም በላይ ጨዋታውን ከአንድ ሕግ ወደ ሌላ ሕግ ያሸጋግረዋል።

== ማሸነፍና ክብር ==

ጨዋታው የሚያልቀው የተጋጣሚው ንጉሥ ተይዞ መውጫ ሲያጣ ነው። ነገር ግን አሸናፊነት ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ሕጋዊ ቢሆንም ለዛ የሌለው ድል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የሚደነቀው ተጫዋች ደካማ በሆኑት ጠጠሮች፣ ማለትም በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ፣ ንጉሡን መውጫ የሚያሳጣው ነው።

የተሸናፊውን ወገን የሚጠብቁ ሁለት ደንቦችም ነበሩ፦

* ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠጠር ያልቀረውን ተጋጣሚ ማሸነፍ አይቻልም።
* ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ተጋጣሚ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መሸነፍ አለበት።

በሁለቱም ደንቦች መደቅ እንደ ጠጠር አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት ብልህ ተጫዋች የተጋጣሚውን ጠጠር ሁሉ ጠራርጎ አይበላም፤ ቢያንስ ሁለቱን አስቀርቶ ንጉሡን ለመያዝ ይሞክራል። እየተሸነፈ ያለው ደግሞ በተቃራኒው የቀረውን ጠጠር ሆን ብሎ ለማስበላት ምክንያት ያገኛል።

== ለክርክር በር የሚከፍቱ ነጥቦች ==

ከእነዚህ ደንቦች ባሕርይ የተነሣ ክርክር ሊነሣባቸው የሚችሉ ቦታዎች ግልጽ ናቸው። የመጀመሪያው የወረራው ፍጻሜ ነው። ሁለት እጆች በአንድ ጊዜ በገበታው ላይ ሲንቀሳቀሱ አንዱ ጠጠር ቢበላ፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ያነሣው ጠጠር ቀድሞ ተንቀሳቅሷል ወይስ አልተንቀሳቀሰም የሚለው ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል። ከመብሉ በፊት ከሆነ እርምጃው ይጸናል፤ ከመብሉ በኋላ ከሆነ ግን ተራ መጠበቅ ነበረበት።

ሁለተኛው የሰባቱ እርምጃ ቆጠራ ነው። አሸናፊው ገና ስድስት ነው ቢል፣ ተሸናፊው ሰባት ሞልቷል ቢል፣ የሚታይ ምልክት የለም። ሦስተኛው እርምጃን መመለስ ነው። በወረራ ጊዜ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ከወረራው በኋላም እጁን ለመመለስ የሚሞክር ተጫዋች መብቱ መቼ እንዳበቃ መስማማት ይኖርበታል። በሦስቱም ላይ ከገበታው ውጭ ያለው ማስረጃ በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ዓይን ብቻ ነው።

== ተመልካቾችና ሹማምንት ==

የሰንጠረዥ ተመልካች ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም። ሳልት እንደጻፈው በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታው ሲካሄድ በዙሪያው ያሉት ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ በነጻነት ሐሳብ ይሰጡ ነበር። ተጫዋቾቹም የተጋጣሚያቸውን ጠጠር ሲበሉ በኃይል መትተው ከቦታው ያስለቅቁት ነበር። ምክር መስጠት ነውር አይደለም፤ የጨዋታው አካል ነው።

ይህ ነጻነት ግን ወሰን ነበረው። ሳልት መኳንንቱ ራሱ እንዲያሸንፉ በዘዴ ያመቻቹ እንደነበርም ታዝቧል። ዳኛ በሌለበት ገበታ ላይ አንደኛው ተጫዋች የሌላው ጌታ ሲሆን፣ በሰባቱ እርምጃ ቆጠራ ላይ «ተሳስተዋል» የሚል ምስክር ማግኘት ቀላል አይሆንም። ምክር ለመስጠት አፉ የተፈታ ተመልካች በጌታው ላይ ለመፍረድ ሊታሰር ይችላል።

== ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር ==

በዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ የተነካ ጠጠር መንቀሳቀስ አለበት፤ ተመልካችም ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። ክርክር ቢነሣ በውድድሩ ላይ የተመደበው ዳኛ ይወስናል።

በካዚኖ የሚካሄደው ፖከር የተባለው የካርታ ጨዋታም ከሰንጠረዥ ተቃራኒ መንገድ ይከተላል። በአንድ እጅ ካርታ ላይ የሚወስነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከጎን ሆኖ መምከር ክልክል ነው። በተራው «እጨምራለሁ» ያለ ተጫዋች ቃሉ ያስረዋል። ገንዘቡን ከፋፍሎ እየጨመረ የተጋጣሚውን ፊት ማንበብም አይፈቀድለትም። ካርታ አዳዩና ተጫዋቾቹ ካልተስማሙ የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ተጠርቶ ይፈርዳል። የውድድር መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙትም ፍርዱ ከቤት ቤት እንዳይለያይ የጋራ ደንብ ለማውጣት ነው።

ሆኖም ሁለቱ ጨዋታዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ። በፖከር የሚያሸንፍ ካርታ ይዞ ተጋጣሚው ተስፋ እንዲያደርግ ሆን ብሎ የሚያዘገይ ሰው ደንብ ባይጥስም እንደ ባለጌ ይታያል። በሰንጠረዥም በደር የሚያሸንፍ ሰው ደንብ አልጣሰም፤ የሚያመሰግነው ግን የለም።

== የጨዋታው መጥፋት ==

ሰንጠረዥ እየተዳከመ የሄደው ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣልያን ወረራ በኋላ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ የሚዘወተረው ዓለም አቀፉ ቼዝ ነው፤ በአማርኛ ሰንጠረዥ የሚለው ስም ግን ለእርሱም ያገለግላል። ደንቡ በልማድና በምስክር የተያዘ ስለነበር፣ የሚጫወቱት ሲያልፉ ከጨዋታው ጋር የፍርዱም ልማድ አልፏል። ስለ እርሱ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ተጓዦች በገበታው ዳር ተቀምጠው ካሰፈሩት ጽሑፍ ነው።